መርዙን ተዪው፣ ቀዳዳውን ፈልጊ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። ትልቁ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና በዳዴ ናት። ከክረምቱ ጀምሮ አይጥ መቀመጫ አሳጥቶናል። ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ ሲንኮሻኮሽ እንሰማለን። የሽሮውን ከረጢት ቀዶታል፣ የልጄን ብስኩት በልቶታል። መንገድ ላይ ከሚያዞር ልጅ መርዝ ገዛሁ። የሞቱ ነበሩ መሰለኝ፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ስንት ቀን ሸተተን። ከዚያ ደግሞ መጡ። አሁን አንድ ጎረቤታችን እህል ውስጥ የሚጨመረውን የነቀዝ ክኒን ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ አንድ ቀን ውጡ አለን። አከራያችንን ስነግራቸው ‹ድመት አሳድጊ› ብለው ዘጉት። ደጋግሜ ብናገር ‹ቤቴን ልቀቁ› እንዳይሉን እፈራለሁ። ለሰው ለመናገርም አፈርኩ፤ ቤቷ ቆሻሻ ነው እንዳይሉኝ። ምን ላድርግ?»

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ስሚኝ። ያንን ክኒን ቤትሽ አታስገቢ።

ጎረቤታችሁ ክፉ አስቦ አይደለም። ገበሬው ጎተራ ውስጥ፣ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ሲጠቀምበት አይቶ ይሆናል። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። አየር ላይ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ራሱ አይደለም፣ ጋዙ ነው። ያው ጋዝ አይጥንም ሰውንም ይገድላል። ለእሱ ተብሎ የተሠራ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሐኪም ቤት ብትደርሺም ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ሰውነትሽ እስኪቋቋመው ድረስ መደገፍ ብቻ ነው።

ኮንዶሚኒየም ደግሞ ለዚህ ነገር ከቦታ ሁሉ የከፋ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው። ቱቦዎቹ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት በአንድ ክፍተት ይወርዳሉ። አንቺ በርሽን ቆልፈሽ ልጆችሽን ይዘሽ ብትወጪ፣ ጋዙ አይጧ በመጣችበት ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ከላይ የተኛው ሕፃን ግን ውጡ አልተባለም። እንዲህ ባለ ክኒን ከጎረቤት ክፍል በመጣ ጋዝ ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦች በብዙ አገር አሉ።

ምናልባት ገዝታችሁ አስቀምጣችሁት ከሆነ አትክፈቺው። ውሃ አታስነኪው፣ ሽንት ቤትም አትጣይው። ውሃ ሲያገኝ ጋዙን በአንዴ ይለቃል። እንደታሸገ ከልጆች ርቆ፣ ደረቅ ቦታ፣ ሰው ከማይተኛበት ይቀመጥና ለገዛችሁበት ሰው መልሱ።

መንገድ ላይ የሚሸጠው መርዝም ከዚህ ብዙ አይሻልም። በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ፣ ስም የሌለው ነገር ነው። ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆኖ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ከሆነ ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል። ይሄኛው ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ፎስፊን ያወጣል። ሌሎቹ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። እነሱ ማርከሻ አላቸው፣ ቫይታሚን ኬ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ዕቃው ላይ ሲጻፍ ነው። ስም የሌለው ቋጠሮ ይዘሽ ብትሮጪ ምኑን ያክም?

አንቺ ቤት ደግሞ በዳዴ የምትሄድ ልጅ አለች። እሷ ወለል ላይ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። መርዙን አይጥ ለምታገኘው ቦታ ስታስቀምጪ፣ ልጅሽ ለምታገኘው ቦታ ማስቀመጥሽ ነው። አይጥም ያገኘችውን ጎትታ ሌላ ቦታ ትጥለዋለች። ስለዚህ ዛሬ ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ አልጋውን ሁሉ አንቀሳቅሺና የቀረ መርዝ ካለ በጓንት ልቀሚው። ጓንት ከሌለሽ እጅሽን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኚ። የረጨሽበትን ቦታ ሁሉ አስታውሺ።

ልጅ መርዝ ቀመሰ ብለሽ ከጠረጠርሽ አታስመልሺው። ወተት አጠጣለሁ ብለሽም ጊዜ አታባክኚ፤ እናቶቻችን የሚያውቁት መፍትሔ ወተት ቢሆንም ለዚህ አይሆንም። የመርዙን መጠቅለያ ያዥና ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ከዘገየ ያገኘሽውን ታክሲ ያዢ። ልጁ ደህና ቢመስልም ሂጂ። አንዳንዱ መርዝ ምልክቱን የሚያሳየው ከቀናት በኋላ ነው።

አሁን ወደ አይጡ እንምጣ።

መጀመሪያ ሐፍረቱን ከላይሽ አውርጂ። አይጥ የገባው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። አይጥ የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ በቀን ሦስት ግራም ገደማ ምግብ ይበቃዋል። ያ ማለት ምድጃ ስር የወደቀ ፍርፋሪ፣ ድስት ጫፍ ላይ የቀረ ቅንጣት ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ያህል ፍርፋሪ ሳይወድቅበት ውሎ አያድርም። የመጣው ሕንፃው ክፍት ስለሆነ ነው። ምድር ቤት ምግብ ቤት ወይም ሥጋ ቤት ካለ፣ ግቢው ውስጥ የጋራ ማብሰያና ማረጃው አጠገብ ቆሻሻ የሚከማች ከሆነ፣ አይጡ እዚያ ይራባል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላበታል፣ ብርዱም ያባርረዋል። ያኔ ቱቦውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። አንቺ ጋ ሲደርስ ያገኘው ቀዳዳ ነው።

መርዙ ያልሠራውም ለዚህ ነው። ሁለት ገደልሽ፣ በሩ ግን ክፍት ነው። አንዲት እንስት አይጥ ሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ ከአምስት እስከ ስምንት ልጅ ትወልዳለች። ልጆቿም በስድስት ሳምንታቸው ገደማ ራሳቸው ለማርገዝ ይደርሳሉ። ይህን በመርዝ ተሽቀዳድሞ የሚያሸንፍ ሰው አላየሁም። መግቢያውን ደፍኖ የገላገለው ግን ብዙ ነው።

እንዴት ትፈልጊዋለሽ? አንድ ስክሪብቶ ያዢ። ስክሪብቶው የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ትንሿን አይጥ ያስገባል። ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋ ይከተላል። ሰው ይህን አያምንም፤ «እዚህ እንዴት ብላ ትገባለች?» እያለ የጡጫ ያህል ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ከዚያ መርዝ ይገዛል።

ከሲንኩ ስር ጀምሪ። የስልክሽን መብራት አብርተሽ ወለሉ ላይ ተኚና ቱቦው ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን እዪ። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ላይ ቧንቧ ሠራተኛው ብሎኬቱን በሰፊው ሰብሮ ቱቦውን ያስገባና ዙሪያውን ሳይደፍን ይሄዳል። ሲንኩ የሚሸፍነው ስለሆነ ማንም አያየውም። ቀጥሎ ሽንት ቤትና ሻወር ውስጥ ቱቦዎቹ የሚያልፉበትን፣ ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ክዳን እንዳለው፣ ከምድጃው ኋላ ያለውን ግድግዳ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ዙሪያ፣ የበረንዳውን በርና የዋናውን በር ታች እዪ። ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ቅባት የመሰለ መስመር ካየሽ መንገዳቸው እሱ ነው። ሁልጊዜ ግድግዳ ታክከው ስለሚሄዱ ገላቸው ያቆሽሸዋል።

እርግጠኛ ካልሆንሽ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ጥቂት ዱቄት በስሱ በትኚ። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ዱካውን ታያለሽ፤ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሄደ ይነግርሻል። ከዚያ ጥረጊው። ይህች ዘዴ ቀላል ናት፣ ግን የስንት ቀን ግምት ታስቀራለች።

ኩሱንም ልብ በዪ። የሩዝ ቅንጣት የምታክል፣ ጫፏ የሾለ ከሆነች ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ባቄላ የሚያክል ከሆነ አይጠ መጎጥ ነው። አይጠ መጎጥ ከሆነ ትልቅ ወጥመድ ያስፈልጋል። አዲስ ነገርም ስለሚፈራ ቀናት ታግሠሽ መጠበቅ አለብሽ። የአንቺ ደብዳቤ ላይ ሳየው ትንሿ ትመስለኛለች።

ቀዳዳውን በምን ትደፍኛለሽ? በጨርቅ፣ በካርቶን ወይም በላስቲክ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት ቀዳው ትገባለች። ፎም የሚባለውንም ብቻውን አትመኚው፣ ትበላዋለች። ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ወይም ከሱቅ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ግዢ። ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቀሽ ሙይው፣ ከላዩ በሲሚንቶ ምረጊው። ሽቦው ጥርሷን ስለሚያስቸግራት አትቀደውም። ሰፊ ከሆነ ግንበኛ ጥሪ፣ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳን አይሆንም። የበሩ ታች ከሆነ ላሜራ ወይም ጠንካራ ጎማ ይመታበት፤ ስክሪብቶው እንዳያልፍ አድርጎ። የፍሳሹ ቀዳዳ ላይ ጠበብ ያለ የብረት ክዳን ይግባ።

ምግቡን በዚያው ቀን አስተካክዪ። ጤፉም ሽሮውም በርበሬውም በማዳበሪያና በላስቲክ መቀመጡን ያቁም። ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም በርሜል፣ ባልዲ ወይም ቆርቆሮ ይሁን። ወፍራም ፕላስቲክም ይሆናል፣ ስስ ላስቲክ ግን ለእሷ ከወረቀት አይለይም። መሶቡንም ማታ ወለል ላይ አታስቀምጪው፤ ሰፌድና መሶብ ሳር ነው፣ ትቀረጥፈዋለች። ሊጡንም ክደኚው። የልጆቹ ብስኩት አልጋ ስርና ቦርሳ ውስጥ እንዳይቀር። ቆሻሻውን ሌሊት ቤት አታሳድሪው፣ ካልሆነልሽ ክዳን ባለው ባልዲ ይሁን። በረንዳ ላይ ያለ የከሰል ከረጢት፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የአሮጌ ልብስ ክምር ካለ አስወግጂው። ጎጆ የሚሠሩት እዚያ ነው።

ከዚያ ወጥመድ። እኔ የምመክርሽ ተራውን የእንጨት ወጥመድ ነው፣ ባለ ስፕሪንጉን። ጥቅሙ አይጧ የት እንደሞተች ማወቅሽ ነው፤ ቁም ሳጥን ኋላ አይሸትሽም። አንድ ወጥመድ ገዝተሽ ግን እንዳትጠብቂ። አይጦቹ ስንት እንደሆኑ አታውቂም፣ አንድ ምሽት ላይ ስድስት ሰባት አድርገሽ አስቀምጪ። ከጎጇቸው ብዙ አይርቁም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሜትር በላይ አይሄዱም። ስለዚህ ወጥመዶቹን ኩሱን ባየሽበት አካባቢ በሁለት ሁለት ሜትር አስቀምጪ። ማባበያው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ፣ ወጥመዱም ግድግዳውን ታክኮ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞሮ እንዲቀመጥ አድርጊ። መሃል ወለል ላይ ብትተይው አይመጡበትም።

ማባበያው የለውዝ ቅቤ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካልተገኘ በሶ በማር ለውሰሽ። አተር የምታህል ትበቃለች። ብዙ ካደረግሽ ጫፉን በልታ ትሄዳለች። የሚጣበቅ ነገር የሚመረጠው ለዚህ ነው፣ ለማንሳት ስትታገል ወጥመዱ ይዘጋል። ለልጆቹ ሲባል ወጥመዱን ማታ ከተኙ በኋላ አስቀምጪ፣ ሳይነሱ አንሺ። ሲንክ ስር የምትተይውን ሁለት በኩል ትንሽ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጊው። አይጧ ትገባለች፣ የልጅሽ እጅ አይገባም።

የሚጣበቀውን ሙጫ አልመክርሽም። አይጧ ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች፣ ፈርታ ሽንቷን ትለቃለች፣ ጠዋት በሕይወት ያለች አይጥ ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ልጅሽ እጇን ብታስነካውም ለማስለቀቅ መከራ ነው። በሶኬት የሚሰካ፣ በድምፅ ያባርራል የሚባለውንም ገንዘብሽን አታውጪበት፤ አይጦቹ ቶሎ ይለምዱታል። ድመቷ? ድመት አንዳንድ ታጠምዳለች። ግድግዳ ውስጥና ቱቦ ክፍተት ውስጥ ግን አትገባም። ቀዳዳ ሳይደፈን ድመት ማሳደግ አይጥ እየገባ ድመት መቀለብ ነው።

ስታጸጂ ደረቁን አትጥረጊው። ኩሱና ሽንቱ ሲደርቅ አቧራ ሆኖ ይነሳል፣ ልጆቹም ይተነፍሱታል። መስኮት ክፈቺና ግማሽ ሰዓት ያህል ይናፈስ። ጓንት አድርገሽ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቅይ፣ ኩሱ ላይ አርከፍክፊው፣ አምስት ደቂቃ አቆዪው፣ ከዚያ በወረቀት ወይም በሚጣል ጨርቅ ጥረጊ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቂው፤ መጥፎ ጋዝ ይፈጥራል። ከአይጥ የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ፣ ከምግብ መበከል እስከ ተስቦ ድረስ። ሽሮው የተቀደደበትን ከረጢት ምግቡን ጨምሮ ጣይው፣ ያሳዝናል ግን አይበላም።

ስለ አከራይሽ ደግሞ። ፍርሃትሽ ይገባኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቆ ሌላ መፈለግ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ግን መብት የሌለሽ አይደለሽም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም። ያላችሁ ውል ካልተመዘገበ ወረዳችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ውል ያለው ተከራይ ስለ አይጥ ስለተናገረ ብቻ በሳምንቱ አይባረርም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም አከራይ ቤቱን በደህና ሁኔታ አስረክቦ በኪራዩ ዘመን የመጠገን ኃላፊነት አለበት፤ ለተከራይ የሚቀሩት ትንንሾቹ ጥገናዎች ናቸው። ግድግዳ ላይ ቱቦ ያለፈበት ቀዳዳ የቤቱ ጉድለት ነው፣ አንቺ አላመጣሽውም።

ይሁን እንጂ በሕግ አትጀምሪ። ትልቅ ሰው ከሆኑ፣ «አይጥ አስቸገረን» የሚለው ወሬ እንደ ቅሬታ ነው የሚሰማቸው። ምን መጠገን እንዳለበት ካሳየሻቸው ግን የቤታቸው ጉዳይ ይሆናል። የቀዳዳዎቹን ፎቶ አንሺና እንዲህ ብለሽ በቴሌግራም ጻፊላቸው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አይጡ የሚገባው ሲንኩ ስርና ሽንት ቤቱ ቱቦ ዙሪያ ባለው ክፍተት መሆኑን አይተናል። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ካልተደፈነ ግድግዳውንም ሽቦውንም ያበላሻል። ግንበኛ እናምጣና እናስደፍነው፤ የሲሚንቶውንና የእጅ ዋጋውን ደረሰኝ ይዘን ከሚቀጥለው ወር ኪራይ ላይ ይያዙልን። ፈቃድዎን ይንገሩኝ።»

የሽቦው ነገር እውነት ነው። አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቀረጥፋለች፣ ከዚያ እሳት ይነሳል። ለቤቱ ባለቤት ይህ ከአይጡ ይልቅ ያሳስበዋል። ፈቃዳቸውን በጽሑፍ እስክታገኚ ግን ከኪራዩ አትቁረጪ። ያለ ስምምነት የተቆረጠ ኪራይ ጥፋቱን ወደ አንቺ ያዞረዋል። እምቢ ካሉ ደግሞ ሽቦና ሲሚንቶው ብዙ ገንዘብ ስላልሆነ አንቺው አስደፍኚው፣ መልእክቱ ግን ስልክሽ ላይ ይቆይ።

ለጎረቤትም ተናገሪ። ቱቦዎቹ የሚወርዱበት ክፍተት የጋራ ነው። አንቺ ብቻ ብትደፍኚ አይጡ ከላይ ወይም ከታች ይወጣል፣ ሌላ ቀን ሌላ ቀዳዳ ቀዶ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልተሽ የፎቁን ሴቶች ጥሪና የአይጡን ነገር አንሺ። ከጠየቅሽ ግማሾቹ «እኛም ጋ አለ» ይሉሻል፤ እነሱም እንዳንቺ አፍረው ዝም ብለው ነው። ከዚያ አንድ ሆናችሁ ለሕንፃው ኮሚቴ ንገሩ፤ ምድር ቤት ያለው ቆሻሻ በየቀኑ እንዲነሳ፣ የቱቦው ክፍተት በር እንዲዘጋ። ስለ ክኒኑም በዚያው አንሺባቸው፤ ጎረቤታችሁ ለሌላም ነግሮ ይሆናል።

ወጥመዶቹን በየጠዋቱ እያየሽ ቀጥዪ። መጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ ብዙ ይያዛል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ካልተያዘ፣ ዱቄቱ ላይም ዱካ ካልታየ ቤቱ ነፃ ነው። ሁለቱን ወጥመድ ሲንክ ስር ባለው ሳጥን ውስጥ ተያቸው፣ ቀሪውን አስቀምጪው። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ የደፈንሻቸውን ቀዳዳዎች አንድ ጊዜ በመብራት ዙሪያቸውን እዪ። ሲሚንቶ የተሰነጠቀበት ካለ ያኔውኑ ምረጊው።